መዳፌ ላይ ያላለቀው ቃል

መጀመሪያ ከዓይኔ የጠፋው ጎንና ጎኔ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር ይጋጫል፤ እኔም መቃኑን እራገማለሁ። ከፊት ለፊቴ ያለውን አጥርቼ ስለማይ ዓይኔን አልጠረጠርኩም። አምበር ገበያ ላይ ከአንድ አህያ ጋር ተላትሜ ባለቤቱ «መርጌታ፣ ዛሬስ ምን ቀምሰው ነው?» ብሎ ከቀለደብኝ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ ሄጄ የተመረመርኩት።

«ግላኮማ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «የጠፋውን መመለስ አንችልም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን።»

ጠብታው ጥቂት ዓመት አቆየልኝ፤ ከዚያ የቀረውም ሄደ። አዘንኩ፤ እጅ ግን አልሰጠሁም። የቅኔ መምህር ነኝ። ቅኔ በቃል ይነገራል፣ በጆሮ ይታረማል፤ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ደግሞ ለጎጃም ብርቅ አይደለም። ተማሪዎቼ ተራ በተራ እየቀረቡ የቆጠሩትን፣ ማለት ራሳቸው ያቀናበሩትን ቅኔ ይነግሩኛል፣ እኔም ስህተቱን ይዤ እጮኽባቸዋለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ተማሪው ሳይጨርስ ቀሪውን ከአፉ ነጥቄ የምጨርስ ሰው ነኝ።

ከዚያ ራስ ምታት መጣ። ትኩሳት ተከተለ። አንገቴ አልታጠፍ አለ። አስመለሰኝ። ሰዎች ተሸክመውኝ ሲወጡ ባለቤቴ አለምነሽ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ እሱ ነው።

ስነቃ ሁሉም ዝም ብሏል። የሰው ድምፅ የለም። የዕቃ ኮሽታ የለም። «ሰው የለም ወይ?» ብዬ ጮኽኩ። የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም። ደግሜ ጮኽኩ። ሞቼ ይሆን? እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አሰብኩ። ያኔ አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። ጥጥ በመፍተል ብዛት አውራ ጣቱ ደድሯል፤ የአለምነሽ እጅ ነው። መዳፌን ዘርግታ በጣቷ አንድ ነገር ጫረችበት። አልገባኝም። ደገመችው። አ። ለ። ሁ።

አለሁ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙ ያለውንም በዚያው መንገድ ነገረችኝ፦ «ማጅራት ገትር ነበር። በአንቲባዮቲክ ድነሃል። የመስማት ነርቭህ ግን ተጎድቷል። አይመለስም።»

ቤቴ ስገባ መቀመጥ አቃተኝ። ቁጭ ብድግ እላለሁ። መደቡን እዳብሳለሁ፣ ግድግዳውን እዳብሳለሁ፣ በባዶ ቤት «ማነው?» እላለሁ። ጠያቂ መምጣቱን የማውቀው በሩ ሲከፈት ፊቴን በሚነካኝ ነፋስ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከአለምነሽ ጋር ተጨዋውተው፣ «እግዜር ይማረው» ብለው ይሄዳሉ። በሰንበቴ የክብር ቦታ ላይ ያስቀምጡኛል፣ ከሁሉ አስቀድመውም ያጎርሱኛል፤ ምን እንደሚመካከሩ ግን የሚነግረኝ የለም። አክብረው ረሱኝ። ከበሽታው ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። አልፈርድባቸውም። የማይሰማ የቅኔ መምህር ምን ይረባል? የማስተምርበት ጉባኤዬ ከተዘጋ ግን እኔም የለሁም። ይህ ሐሳብ ቀንም ማታም ያመላልሰኝ ነበር። የቀረኝ ልሳነወርቅ የሚባል ከቁይ የመጣ ጎልማሳ ዲያቆን ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ከደብረ ማርቆስ መጣች። ፊደሉን መዳፌ ላይ ትልቅ አድርጎ አንዱ በሌላው ላይ መጻፍን፣ ሲመጡ ትከሻ መንካትን፣ ለየሰዉ የራሱን ምልክት መስጠትን፣ ሲሄዱም ሳይሰናበቱ አለመሄድን ለአለምነሽና ለልሳነወርቅ አሳየቻቸው። ለእኔም «መርጌታ፣ ከአለምነሽ ሌላ የሚጽፍልዎ ሰው ያስፈልግዎታል» ብላ ጻፈችልኝ። ማን ይጽፍልኛል ብዬ ተናደድኩባት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ትከሻዬ ተነካ። የእጄን አንጓ መታ መታ አደረገኝ፤ ልሳነወርቅ ነው። መዳፌን ዘረጋሁለት። ይ። ማ። ር።

ትዕግሥት የለኝም ብያችኋለሁ። ቀሪውን አልጠበቅኩም፤ ጣቱን ከነመዳፌ ጨበጥኩት። «ማነው የሚማረው? አዲስ ተማሪ ይዘህልኝ መጣህ? ይማር እንጂ! ነገ ጠዋት ይምጣ። አንተም የቆጠርከውን ይዘህ ቅረብ!» አልኩት።

ለካ ልሳነወርቅ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሰናበተኝ ነው የመጣው። ሊጽፍልኝ የፈለገው «ይማርዎ» ነበር። ዎ ቀረች። በአማርኛችን ሲጻፍ ምሕረት የሚለምነውም ትምህርት የሚፈልገውም «ይማር» ነውና፣ እኔ ከሕመሜ ይልቅ ጉባኤዬን አነበብኩ። አለምነሽ ኋላ እንደነገረችኝ እሷም አጠገባችን ነበረች። «እውነቱን ንገራቸው እንጂ» አለችው። እሱ ግን ጉልበቴን ሳመ፣ ጭብጤንም ፈልቅቆ «እሺ የኔታ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ጉባኤ ቃና ይዞ መጣ፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። ፊደል በፊደል መዳፌ ላይ አሰፈራት። «አስተማረ» ለማለት ፈልጎ በሐመሩ ሐ መሐረ ብሎ ጻፈ። ያ በግእዝ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ማስተማር መሀረ ነው። «በሀሌታው ሀ!» ብዬ ጮኽኩበት። ወዲያው የራሴ ነገር አስደነገጠኝ። ሁለቱ ሀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ስንት ዘመን በጆሮዬ ሳርም ይህን ስህተት ይዤው አላውቅም። መዳፌ ለየው። ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ዛሬ ከደጃፌ ከሥሩ እስከማስተምርበት ዛፍ ድረስ ገመድ ተወጥሮልኛል፤ እሱን ይዤ ማንም ሳይመራኝ እሄዳለሁ፣ ልሳነወርቅን አይተው የተመለሱ ተማሪዎችም በየምልክታቸው እየነኩኝ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ በማኅሌትም ልሳነወርቅ ከጎኔ ቆሞ የከበሮውን ምት ትከሻዬ ላይ ስለሚመታልኝ ከሌሎቹ ጋር መቋሚያዬን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። በሰንበቴም የሚመክሩትን የሚጽፍልኝ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል፤ ከተናገርኩ ደግሞ በቀላሉ አልቆምላቸውም። አሁንም ቀልቤ አያርፍም፤ ጣት ሲዘገይብኝ እቆጣለሁ።

«ለይሉኝታ ነው የቀረኸው?» ብዬ ልሳነወርቅን ጠይቄዋለሁ። «ያን ቀን አዎ፣ የኔታ» ብሎ ጻፈ። «አሁን ግን ፊደሌን እንዲህ የሚያርመኝ ሌላ አላገኝም።» ስላልዋሸኝ ወደድኩት።

ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ፊደል ከሳተ የኔ አይደለም። ፈጣሪዬን፣ ሐኪሞቹን፣ ያችን መምህርት፣ ከሁሉም በላይ «አለሁ» ያለችኝን አለምነሽን አመሰግናለሁ። ጎንና ጎናችሁ ከጨለመባችሁ ቶሎ ተመርመሩ። ትኩሳት ከራስ ምታትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ ቤት አትዋሉ። የማያይና የማይሰማ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱም ከበር ሆናችሁ «ይማርህ» ብላችሁ አትመለሱ። ትከሻውን ንኩት፣ ማን እንደሆናችሁ አሳውቁት፣ መዳፉ ላይ ጻፉለት። እንደኔ ያለ ችኩል ገጥሟችሁ አሳስቶ ቢያነበውም ግድ የለም። ልሳነወርቅ ያችን ዎ እስከ ዛሬ አልጻፈልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።