ኒካው ከመታሰሩ በፊት

ኢዳዬን በጨረስኩ በሳምንቱ አማቴ መጡ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ትጠብቃለችና፣ ያን ጊዜ ሁሉ ከሮቢት በታች ካለው ቤቴ አልራቅሁም ነበር።

«ልጄ፣ መሬቱ እንዳይበተን፣ ልጅሽንም ባዳ እንዳያሳድጋት፣ ዋርሳሽ ያግባሽ» አሉኝ።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ያላገባ፣ ቀልደኛ፤ በሐዘኔ ጊዜ ማሽላዬን ያጨደልኝ እሱ ነው። አልጠላሁትም። የፈራሁት ሌላ ነው። ባሌ ዓመት ሙሉ ሲመነምን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይል ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ሌላ ነበር የሚለኝ። ያ ነገር በደሜ ካለ፣ አማቴን ሁለተኛ ልጃቸውን ላስቀብራቸው ነው።

«እሺ እማማ። ግን መጀመሪያ ሁለታችንም ኤች አይ ቪ እንመርመር።»

በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ሟቹን ልታዋርጂብኝ ነው?»

«አላህ አይበለው። የጠረጠርኩት ራሴን ነው።»

የባሌ አጎት ይህን ሰምተው ተቆጥተው መጡ። «ወግ ነው! ሴት ወግ አትመርጥም።»

«አባባ፣ ያለ እኔ ፈቃድ ኒካ አይታሰርም፤ ሼኁን ይጠይቁ። መሬቱም ቢሆን የይዞታ ደብተሩ ላይ የእኔም ፎቶ አለበት።» ደብተሩን ከሳጥን አውጥቼ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር።

«ሴቶቹ ፎቶ ተነሡና ምላስ አወጡ!» አሉ።

ዋርሳዬ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «አጎቴ፣ መርፌ የሚፈሩት እርስዎ ነዎት። እኔ እሄዳለሁ» አለ።

በገበያ ቀን ወደ ቆቦ ሄድን። ገበያ የሚሄድን ሰው ወዴት ነህ የሚለው የለም። ሚኒባሱ ውስጥ አማቴ መሐላችን ተቀመጡ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የሚጠይቅሽ ካለ ፍየል ልንገዛ ነው በይ» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ፍየል አለ! በዚያ ጭንቀት መሐል ሳቄ መጣ።

ለየብቻ ተጠራን። ነርሷ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ቫይረሱ አለብኝ። ውጭ ስወጣ ዋርሳዬ ነፃ ነህ ተብሎ ቆሟል። እኔው ራሴ ነገርኳቸው። የእሱ ቀልድ ጠፋ። አማቴ እጄን ያዙ፤ በገበያው መሐል እንደያዙኝ ሄዱ፤ ከዚያም እውነትም ፍየል ገዙ። «ባዶ እጃችንን ከገባን ይጠረጥሩናል» ብለው ገመዱን አስጨበጡኝ። «ላንቺና ለልጅሽ ናት።»

ልጄም በኋላ ተመርምራ ነፃ ሆነች፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ በእሷ ትምህርት ምክንያት ከአገሬ ርቄ ነው የምኖረው፤ መድኃኒቴን ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ እውጣለሁ። መሬቴን ዋርሳዬ የእኩል ያርሰዋል። ሌላ አግብቶ ሦስት ወልዷል፤ ሊያገባ ሲል ሙሽራይቱን ይዞ ለምርመራ ቆቦ የወረደው ማንም ሳያዘው ነው።

አማቴ ሲደውሉ ስለ ጤናዬ በቀጥታ አይጠይቁም። «ፍየሏ ደህና ናት?» ይሉኛል። ፍየሏ ከሞተች ቆይታለች፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ደህና ናት፣ እማማ» እላቸዋለሁ።