ዓቢዳ ያላየችው መጨረሻ

የመርሳዋ ልብስ ሰፊ ዓቢዳ፣ ልጅ ሳለች ከወንድሟ ከጀብሪል ጋር ቪዲዮ ቤት መግባት ትወድ ነበር። አብልጣ የምትወደው የሚያስፈራ ፊልም ነው፤ በተለይ ከመቃብር ተነሥቶ በጭጋግ ውስጥ የሚሄደውን ሰውዬ ደጋግማ አይታዋለች። ያ ፍርሃት ይጣፍጣት ነበር።

ጦርነቱ መርሳ በደረሰበት ክረምት፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሸሽታ ግራና ከተማ አጠገብ ማሽላ እርሻ ውስጥ ተጠለለች። ከሩቅ መድፍ ያጓራል። የማሽላው ቅጠል ብርሃኑን ፊታቸው ላይ ሲያወዛውዘው፣ ዓቢዳ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠች መሰላት። እንደ ሕልም እያደረጋት የፊልሙን ሰውዬ ነገር ማውራት ጀመረች። አብረዋት የሸሹት ሴቶች ጠጋ ጠጋ አሉ።

“ኋላስ የት ደረሰ?” አሏት እማማ አሚና። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም።

ዓቢዳ የፊልሙ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ፊቷን ጀብሪል ጀርባ ላይ ትደፋ ስለነበር አታውቀውም።

“ቤቱ ሄዶ አንኳኳ” አለች ከራሷ ፈጥራ። “እናቱም ‘ማነው?’ ሳይሉ ከፈቱለት።”

“አልፈሩትም?”

“ልጃቸው አይደል እንዴ፣ እማማ!”

“ሱብሐነላህ!” አሉ እማማ አሚና።

መድፉ ጋብ ብሎ ወደ ውርጌሳ መንገድ ሲጀምሩ፣ እማማ አሚና ክንዷን ያዙ።

“እስቲ በሩ ላይ ያለውን ድገሚልኝ” አሏት።

ዓቢዳም እየሄዱ ደገመችላቸው።