ለማላውቃት ሴት የተቀመጥነው ለቅሶ

እናቴ «የወረቀት ሎሌ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ለቀዶ ጥገና ሥልጠና ከውጭ ለሚመጣው የሰው አካል ፈቃድ የማስጨርሰው እኔ ነበርኩ። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ «ስሞት ገላዬ ለትምህርት ይሁን» ብለው የፈረሙ ናቸው። ፊርማቸው፣ የምርመራ ውጤታቸው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የት እንደሚያርፉ፤ አንዱ ከጎደለ ሳጥኑ አገር አይገባም። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ስለ ሟቹ ለሰው ማውራትም ሆነ ለቤተሰቡ መጻፍ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ በደንብ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ ሐኪሞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

አንድ ጊዜ የአንዲት የሰባ አንድ ዓመት ሴት ክንድ ሊመጣ ሲል የምስክር ፊርማ ጎደለ። ወረቀቱን መለስኩት። ሠልጣኞቹ ሲያሙኝ ከረሙ። በመጨረሻ የሟቿ ልጅ የፈረመችበት መጣ፤ ከግርጌው በእጇ ጽፋበታለች። «እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሥራ ፈትታ መቀመጥ አትወድም። እባካችሁ አትመልሷት።» አንብቤ ስጨርስ በራሴ አፈርኩ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከአገሯ ከሮብ ገበያ መጥታ እኔ ዘንድ ነበረች። ምሳ ላይ «ምን ሆነሃል? እህል እንቢ አለህሳ» ስትለኝ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁትን ደንብ ረስቼ ዘረገፍኩት።

«ማን አለቀሰላት?» አለች።

«እኔ እንጃ። በአገሯ አልቅሰውላት ይሆናል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ማን ያውቃታል እማዬ?»

«ክንዷን የተቀበልህ አንተ አይደለህም እንዴ?»

እናቴ በአገሯ የታወቀች አስለቃሽ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳሎኔ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሙሾ ማውረድ ጀመረች። የሟቿን መርፌ አነሳች፣ ክሯን አነሳች፣ ባሕር ማዶ የቀረችውን ልጇን አነሳች። ጎረቤት ሲሰማ ዝም አይልም። አንዷ ንፍሮ ይዛ ደረሰች፤ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በር ላይ ቆሞ «ልንፋ ወይ?» ይለኛል። «ምንህ ናት?» ሲሉኝ «አላውቃትም» ማለት ነውር ሆነብኝ።

«የሩቅ ሰው ናት» አልኩ።

በቃቸው። መቼስ ለቅሶ ላይ ሁሉም የራሱን ሟች ያነሳል፤ አልቅሰው ወጣላቸው። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን ይዋሻል።

ሰው ሲበተን እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «በል እንግዲህ ለልጂቱ ንገራት» አለችኝ።

«አይቻልም። ከቤተሰብ ጋር መጻጻፍ ክልክል ነው። ከሥራዬ ያስወጣኛል።»

«ታዲያ ልጂቱ ‹እናቴ ሰው አገር ሄዳ አልቃሽ አጣች› እያለች ትኑር?» ቀጥላም «እኔ አንተ በሌለህበት ብሞት፣ ማን አለቀሰላት ብለህ አትጠይቅም?» አለች።

ዓይኗ ድኖላት አገሯ እስክትመለስ ነገሩን ደግማ አላነሳችውም። ከዚያ በኋላ ግን በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ነገርሃት?» ብላ ነው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ክንዱ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ አብሮት ቤተሰቡ እጅ የሚደርሰውን መሸኛ ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። ከታች «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ ዕድሜዬን ሙሉ «የለም» እያልኩ ያለፍኩት ነው። በዚያች የማላምናት እንግሊዝኛዬ «እዚህ ተለቅሶላታል» ብዬ ጻፍኩበት።

አዲስ አበባ ያሉት ፈቃድ ሰጪዎች ቅጹን መለሱብኝ። ለጉዳዩ የማያስፈልግ ጽሑፍ ስላለበት ታርሞ ይምጣ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እመልሰው ነበር። አዲስ ቅጽ አውጥቼ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ሞላሁት። ማስታወሻው ጋ ስደርስ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «የሰፈሩ ሰው ሁሉ አልቅሶላታል፤ እናቴም» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩበት።