የሐሙስ ተራ

ቄስ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነኝ። የካቶሊክ ቁምስናችን ምእመናን የኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ሲመርጡኝም ለዚሁ አፌ ብለው ነው። ሥራችን ታስረው ለተረሱ ሰዎች መጮህ ነበር።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ መጥተው አቦቦ ላይ ገበሬ ሆኑ። እኔ እዚሁ ብወለድም ለብዙው ሰው ደገኛ ነኝ። ለደገኛ ስከራከር «ለወገኗ ነው» ይሉኛል። ለአኙዋክ ወይም ለኑዌር ልጅ ስከራከር ደግሞ የራሴ ሰዎች «ሸጠችን» ይላሉ። በዚህ ጭቅጭቅ ኮሚቴው ሊበተን ሲደርስ ደሜ ፈላና ጠረጴዛ መትቼ ሕግ አወጣሁ። ከእንግዲህ የማን ልጅ ነው የለም፤ ቀድሞ የተመዘገበ ስሙ ቀድሞ ይነሳል። ሁሉም ተስማማ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ተከባብረን ሠርተናል።

የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ የሚያነጋግረን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የታሰረው ማክሰኞ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ያገኘውን ሁሉ ሲያፍስ እሱንም አብሮ ወሰደው። ወንድሜ ስኳር አለበት፤ በየቀኑ መርፌ ካልተወጋ አይሆንለትም። ሚስቱ መርፌውን ይዛ ብትሄድ «ያለ ኃላፊው ፈቃድ መድኃኒት አይገባም» ብለው መለሷት። እኔም ሄድኩ፣ እኔንም መለሱኝ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ሐሙስ መጀመሪያ የእሱን አንሺልኝ» አለችኝ ሚስቱ።

«መዝግቤዋለሁ። አምስተኛ ነው።»

«አምስተኛ?»

«አይዞሽ፣ ይደርሳል። ዲማ ወርቅ ሊቆፍር የሄደ ጊዜ መድኃኒቱ አልቆበት ስንት ቀን ከርሞ የለ እንዴ!»

ከርሟል፣ ውሸት አይደለም። ግን ከዲማ ሰው ደግፎት ምን መስሎ እንደመጣ እኔም እሷም አይተናል። ያንን ሆን ብዬ ዘለልኩት።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ችኩል ነበር። ስልኩ ይጮሃል፣ ውጭ መኪና ይጠብቀዋል። የሦስት ሰዎችን ጉዳይ ሰምቶ ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ ቆመና «አንድ ሰው ብቻ ልጨምርልሽ። ማንን?» አለኝ።

አራተኛው በእርሻ ወሰን የታሰሩ የአቦቦ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአገሬው ተወላጅ ናቸው። ጤነኛ ናቸው፣ ስንቃቸውም በየቀኑ ይገባላቸዋል። ከጎኔ የተቀመጠው ምክትሌ የእኚሁ ሽማግሌ ዘመድ ነው። ክንዴን ያዘኝ።

«እህቴ፣ ወንድምሽን ተናገሪ። ሽማግሌው ይቆያሉ። እኔ ምስክር ነኝ።»

«ተራ ተራ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

ለምን እንደጮህኩበት ዛሬ አውቃለሁ። ምክትሌ ራሱ በሩን ከፍቶልኝ ነበር፣ እኔ ግን መታየት ጣመኝ። ኃላፊው ፊት፣ ምክትሌ ፊት፣ ለሥጋዋ የማትል ሴት ሆኜ መታየት። ወይ አለማፈር! የሽማግሌውን ስም ጠራሁ። ኃላፊው ጻፈና ወጣ፤ ሽማግሌው በዚያው ዕለት ከሰዓት ተፈቱ።

ዓርብ ጠዋት ሰብሳቢነቱን ትቼ እንደ እህት ኃላፊው እግር ላይ ወድቄም ቢሆን ልለምን ብዬ መርፌውን በበረዶ ጠቅልዬ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ ሌላ ቀን የሚያመናጭቀኝ ሰው ነው። ያን ቀን ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ ለእኔ ለቀቀልኝ። «ቁጭ በይ፣ እናቴ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። በረዶው ቀልጦ በክንዴ እየወረደ እዚያው በሩ ላይ ጮህኩ።

ቀብሩ ላይ ሽማግሌው ከነዘመዶቻቸው መጥተው ቃሬዛውን ተሸከሙ። የቁምስናችን አባም በስብከታቸው አመሰገኑኝ። «በራሷ ሥጋ ላይ እንኳ ፍርድ ያላጣመመች» አሉ፣ ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። እንዲያቆሙ ልጮህ ፈልጌ ነበር። አልጮህኩም። የወንድሜ ሚስት ልቅሶው ሙሉ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ከወረዳ ወረዳ ሄደ። በዓመቱ የክልሉ ምእመናን ጉባኤ ሲደረግ ለሁሉም ቁምስናዎች ተጠሪ እንድሆን ጠቆሙኝ። ከጠቆሙኝ አንዱ ምክንያቱን ሲናገር የወንድሜን ሞት አነሳ። ዛሬ ቢሮ የምገባው፣ በየስብሰባው ከፊት የምቀመጠው በዚያ ነው። በዚያ ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ ከኋላ ወንበር ላይ የወንድሜን ሚስት አየኋት። እጇን አውጥታለች።

ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ተከተልኳት። ከቀብሩ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

«አንቺም መረጥሽኝ?» አልኳት።

«መረጥኩሽ» አለች። የልጇን ቀሚስ እያስተካከለች ነበር። «ሰው ሲታሰርበት እንዳንቺ የሚሮጥለት የለም። ለባዳ ጥሩ ነሽ፣ እትዬ።»

ልጇን እጇን ይዛ ባጃጅ ጠራች።