አፌን ያሠለጠንኩ ሰሞን

ይህ የሆነው ዓምና፣ የመስከረም በዓላት አልቀው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን እረሳለሁ፣ የልጅ ልጆቼን ስም እያቀያየርኩ እጠራለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝ። ይባስ ብሎ ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር ነው የሚያመኝ።

የዚያን ቀን ውሎዬ የጀመረው በሞኝነት ነው። ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አሳንሰር ውስጥ ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ፊት ለፊቴ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ብቻዬን መሆኔን ሳይ ጊዜ አላባከንኩም፤ ኮፍያዬን አስተካከልኩና መስታወቱ ውስጥ ላለው ሽማግሌ ንግግር ማድረግ ጀመርኩ። ዓይኑን ትክ ብዬ አየሁት። ጥቂት ዝም አልኩ። ቀኝ እጄን አነሣሁና «እናት!» አልኩት። ሰውየው በጣም አሳመነኝ። መሀል ላይ «ይህ ፎቅ ምን ያህል ቢረዝም ነው የማይደርሰው?» ብዬ አሰብኩ፤ ግን ንግግሬ ገና ስላላለቀ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። የሕፃን ጋሪ የያዘች ሴት ቆማለች። ከኋላዋ የሕንፃው መግቢያ፣ ከመግቢያው ወዲያ የመጣሁበት መንገድ። ለካ የፎቁን ቁልፍ አልተጫንኩም። ያን ሁሉ ንግግር ያደረግኩት ምድር ላይ ቆሜ ነው።

ሴትዮዋ በዕብራይስጥ «ወደ ላይ ነህ?» አለችኝ።

«ልሞክር እስቲ» አልኳት።

ጤነኛ ሽማግሌ ለመስታወት ንግግር አያደርግም። ስለዚህ ከየት እንደ ጀመረኝ ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ ሺራ ልታገባ ነበር። የሙሽራው ወገኖች አማርኛ አይሰሙም። አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሳባ፣ በሠርጌ ላይ በቤተሰባችን ስም የምትናገረው አንተ ነህ። በዕብራይስጥ» አለችኝ። ሳባ ማለት አያቴ ማለት ነው። በዚህ ስም ስትጠራኝ የለበስኩትን ካፖርት ብትለምነኝም አውልቄ እሰጣታለሁ። እሺ አልኩ። ላብ ያጠመቀኝ እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

ዕብራይስጥ የተማርኩት ሰጉላ የሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ ዕቃ መጋዘን ስሠራ ነው። «አንሣ፣ አውርድ፣ ተጠንቀቅ፣ ከዚያ ራቅ» ማለት ላይ የሚደርስብኝ የለም። በእነዚህ ቃላት ግን ሙሽራ አይመረቅም፤ ምንም እንኳ ለትዳር ከዚህ የተሻለ ምክር ባይኖርም።

መላውን ያመጣችው ራሷ ሺራ ናት። ጊቫት ሽሙኤል ከተማ ውስጥ ሰው ፊት መናገር የሚያስተምር አሠልጣኝ አለ አለችኝ። አንድ ቀን ትሞክረዋለህ፤ ከወደድከው ትቀጥላለህ፣ ካልወደድከው ትተዋለህ።

ባለቤቴ አዝመራ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሥራ ትታ ሳቀች። «ለአንተ?» አለች። «ለአንተስ ዝም ማለት የሚያስተምር ቢገኝ ቤቱን ሸጬ እከፍልለት ነበር።»

አሠልጣኙ ጨዋ ወጣት ነው። ፈገግታው አያልቅበትም። ቆሜ የፈለግኩትን እንድናገር ጠየቀኝ። ስለ ጎንደር፣ ስለ መንደራችን ተናገርኩ። አዳምጦኝ ሲያበቃ እያዘነልኝ «ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?» አለኝ።

«ኧረ ማንንም!»

«ታዲያ ለምን መሬት መሬት ታያለህ? ለምን እጅህን አፍህ ላይ ታደርጋለህ? ድምፅህስ ለምን ዝቅ ይላል?»

እኔ ያደግኩት ሰው ፊት ስትናገር ዓይንህን ስበር፣ ድምፅህን አለስልስ እየተባልኩ ነው። እኛ ዘንድ ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ጠብ ፈልጎ መጥቷል። ይህን ላስረዳው ፈለግኩ። ዕብራይስጤ ግን ዕቃ ከማውረድ አላልፍ አለ።

ስለዚህ እሱ ያለኝን አደረግኩ። አንድ ሰው መርጠህ ዓይኑን እየው አለኝ። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ትንሽ ቆም በል። ሰው ሊያቋርጥህ ቢል እጅህን ከፍ አድርግና ቀጥል። ሰዎች ዝም ሲሉ መድረኩ ያንተ ነው፣ ሳትፈራ ውሰደው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደረቴ ሰፋ። ወደ ቤት ስመለስ የአውቶቡሱን ሾፌር ሳይቀር ትክ ብዬ አየሁት፤ ምን እንደ ፈለግኩ ግራ ገብቶት ካርዴን እንደገና እንዳሳይ አዘዘኝ።

አሠልጣኙ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። ሺራ በየቀኑ እየደወለች «እህስ፣ ወሰንክ?» ትላለች። አዝመራ ትስቃለች። እኔም በልቤ፣ ሠርጉ ላይ ከማፍር በፊት የተማርኩትን አንድ ቦታ ልሞክረውና ያን ጊዜ እወስናለሁ አልኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የሞከርኩት ትርንጎ ላይ ነው።

ትርንጎ የልብ ጓደኛዬ የነበረው የመኮንን ሚስት ናት። መኮንን ካረፈ ቆይቷል። እኔ እንደ ታናሽ እህቴ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ማለቷን አልተወችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ የኖረች፣ ስትገባም ስትወጣም ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። ልጇ ደሳለኝ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ኤም ሃሞሻቮት ይኖራል። ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ትርንጎ ከልጇ ቤት ቀረች። ምን ሆነሽ ቢሏት «ምንም» ነው መልሷ። በዓላቱንም ብቻዋን ዋለች።

ደሳለኝ እኔ ዘንድ መጣ። «አባ ይርዳው፣ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም። ብትነግረኝ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። የእርስዎን ቃል ታከብራለች፣ እባክዎ» አለኝ። ትልቅ ሰው፣ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቷል።

እኔና ፈረደ ሄደን ለመንናት። ፈረደ በሽምግልና ብዙ ዘመን አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከእኔ በተቃራኒ ቃል ቆጥቦ የሚናገር። ትርንጎ እንቢ፣ እንቢ ስትል ሰነበተችና አንድ ቀን «እሺ። እናንተ ባላችሁበት እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። እሷን የሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንደ ከበዳት ያውቃል። በሰው ፊት ስለ ራሷ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

እንግዲህ የእኔ ሥራ ምን ነበር? ተቀምጦ መስማት። ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም። እኔ ግን ከአሳንሰሩ ንግግሬን ይዤ ወጣሁ።

ደሳለኝ ቤት ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል። ትርንጎ ነጠላዋን ለብሳ የሶፋው ጫፍ ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። ፊት ለፊቷ ደሳለኝ፣ አጠገቡ ሚስቱ ኦርሊ። ኦርሊ እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ይገባታል፣ መልሷ ግን በዕብራይስጥ ነው። ልጆቹን ጎረቤት ልከዋቸዋል።

ፈረደ መረቀና «ያላ፣ በይ ትርንጎ፣ አይዞሽ፣ ተናገሪ» አላት።

ምንጣፉን እያየች ጀመረች። «እኔ ልጄን አልጠላሁትም። ምራቴንም አልጠላሁም። ያን ቀን ለልጆቹ ዳቦ ጋግሬ ይዤ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔም በሩ ላይ ቆሜ…»

ዝም አለች። ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ይጠቀልላሉ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ደሳለኝ ትንፋሹን ይዞ ወደ እሷ ዘንበል ብሏል።

እኔ በዚያ ሰዓት የታየኝ የአሠልጣኙ ፈገግታ ነው። ሰው ዝም ብሏል። መድረኩ የእኔ ነው።

ተነሣሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚናገረው፣ እኔ ግን ቆምኩ። ትርንጎን ዓይን ዓይኗን አየኋት። «እናት!» አልኩና እንደ ተማርኩት ቆም አልኩ። ከዚያ ማን ይመልሰኝ! ስለ እናት ሆድ ተናገርኩ። ስለ መኮንን ተናገርኩ። በሱዳን በኩል ስንመጣ ደሳለኝን እኔና አባቱ እየተፈራረቅን እንዴት እንዳዘልነው ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ትርንጎ «አባ ይርዳው…» ብላ እጇን ከፍ አደረገች። እኔም የእኔን እጅ ከእሷ ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልቧን የነካሁት መስሎኝ ጨመርኩበት።

ስጨርስ ደሳለኝ እያለቀሰ ተነሥቶ የእናቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። ኦርሊ አጨበጨበች። እውነቴን ነው፣ ሽምግልና ላይ አጨበጨበች! «ኮል ሃካቮድ!» አለችኝ፣ ጎበዝ እንደ ማለት ነው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ትርንጎ ልጇን አቅፋ ሳመችው። ከዚያ ቀና ብላ «እግዜር ይስጥልኝ አባ ይርዳው። ጥሩ አድርገው ተናገሩ» አለችኝ።

ፈረደ «አንቺስ የምትጨምሪው የለም?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁሉንም እሳቸው አሉት» አለች።

ሻይ ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን። እኔና ፈረደ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥን። እኔ ገና አልበረድኩም፤ እግሬ ይጨፍራል።

«አየህልኝ?» አልኩት። «ያቺ ልጅ ስታጨበጭብ አየህልኝ?»

«አየሁ» አለ ፈረደ። ቀጥሎም «በሩ ላይ ቆማ ምን ሆነች?» አለኝ።

«ማን?»

«ትርንጎ ናታ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ አለች። ቆማ ምን ሰማች?»

ወደ ወጣንበት ሕንፃ ዞሬ አየሁ።

«ታርቀዋል እኮ» አልኩት።

«እሱስ ታርቀዋል» አለኝና ወደሚመጣው አውቶቡስ ዞረ።

በሳምንቱ መጨረሻ አሠልጣኙ ደወለ። እንደማልቀጥል ነገርኩት። «ምነው፣ ያስተማርኩህ አልሠራም?» አለኝ። «በደንብ ሠራ» አልኩት፤ ሌላ ማብራሪያ ግን አልሰጠሁትም። ልጁ ምንም አላጠፋም። እሱ ያስተማረኝ ለሠርግ አዳራሽ ነው፣ ይዤው ከአንዲት ሴት ጭንቅ መሀል የገባሁት እኔ ነኝ። ለሺራ ደግሞ ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ ዋሸኋት። «በሰደር፣ ሳባ» አለችኝ፤ እሺ ማለቷ ነው፣ ድምፅዋ ላይ ግን ቅሬታ ነበር። በሠርጉ ቀን እጄን ራሷ ላይ ጭኜ፣ ዓይኔን ሰብሬ፣ በአማርኛ አጠር አድርጌ መረቅኳት፤ ወንድሟ አስተረጎመልኝ። ወደ ወንበሬ ስመለስ አዝመራ ግንባሬን ዳሰሰችና «ምነው፣ ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።

ደሳለኝ ግን እስከ ዛሬ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት ያመሰግነኛል። «እኛን ያስታረቁን አባ ይርዳው ናቸው» ይላል። በቅርቡ ደግሞ እየሳቀ «እማዬ እኮ አሁን ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ግን የቤታችን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ የበሩን ደወል ደውላ እስክንከፍትላት ውጭ ትቆማለች። እርጅና ነው መሰል» አለኝ። እሱ ሳቀ። እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ያኔውኑ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። «ትርንጎ፣ ያን ቀን አቋርጬሻለሁ» አልኳት። «አሁን ንገሪኝ። ለልጄ ያድርሱልኝ ካልሽኝ አደርሳለሁ፣ አይሆንም ካልሽኝ ከእኔ አይወጣም። አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ፈገግ አለች፤ ሳትቀየመኝ ነው ፈገግ ያለችው፣ የከበደኝም እሱ ነው። «ይተዉት አባ ይርዳው። ያን ቀን ስንት ሌሊት አቅሜን ሰብስቤ ነበር የመጣሁት። እንደገና እስክሰበስበው ይጠብቁኝ።»

ስለዚህ እየጠበቅኩ ነው። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። ሻይ ትሰጠኛለች። ስለ ጉልበታችን ሕመም፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት እናወራለን። አንዳንዴ መሀል ላይ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ምላሴን በጥርሴ እይዛለሁ፤ ለእኔ ይህ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ አዝመራን ጠይቋት። ትርንጎ ግን ብርጭቆውን ታነሣና «ልጨምርልዎ?» ትለኛለች።

እሺ እላታለሁ። አንድ ዝምታ አለብኝ፣ ሙሉ፣ እሷ ተናግራ እስክትጨርስ የሚበቃ። እስካሁን አልከፈልኳትም።