ማዕዘን የሌለው ቤት

ላፋኤሌ ኦክላንድ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስፒከር ሲገጥም ኖሮ ወደ ሳሞአ፣ ወደ ደሴታችን ሳቫይኢ ተመለሰ። ይዞ የመጣው አንድ ፒንሳ፣ የወገብ ሕመምና ብዙ ትዕግሥት ነው። በመንደራችን ቴሌቪዥን ካለው ቤት እሱ ያልገባበት የለም። የገመዱን ፕላስቲክ በጥርሱ ይልጣል። ሚስቱ ትቆጣለች፤ እሱ ይልጣል።

ባለፈው ሐምሌ ፉአቲኖ ጠራችው። ልጇ ኢየሌሚያ ቅዳሜ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊው የራግቢ ቡድን ሊሰለፍ ነው። ውጭ አገር ያሉት እህቶቿ አምስት ስፒከርና አንድ ትልቅ ዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላውን ሣጥን፣ ልከዋል።

«ለእኛ እንዳይመስልህ፣ ለአባባ ነው» አለችው። «ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነ። የልጅ ልጃቸውን በጆሯቸው ነው የሚያዩት።»

ላፋኤሌ መመሪያውን አነበበ። ዉፈሩን ማዕዘን ላይ አስቀምጥ ይላል። ቤቱን ዞሮ አየው። ክብ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ዙሪያውን ቋሚ ብቻ።

«በይ ማዕዘን አምጪ» አላት።

«ባለሙያው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ማዕዘኑስ ይቅር። አድማጩ መሃል ይቀመጥ የሚለው ነው የከበደው። አባቷ አባባ ታውሌአሎ በመንደሩ ስም የሚናገሩት አለቃ ናቸው። አርባ ዓመት የተቀመጡት ከፊተኛው ቋሚ ሥር ነው። ቋሚው ማዕረጋቸው ነው። ከዚያ ይነሡ ማለት ከሹመትዎ ይውረዱ ማለት ነው።

እንደ መመሪያው ገጠመው። ቅዳሜ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሌላ ግጥሚያ ከፍቶ ሞከረ። ሽማግሌው ከቋሚያቸው ሥር ሆነው አዳመጡ።

«ላፋኤሌ።»

«አቤት አባባ።»

«ተጫዋቹ ሁሉ በግራዬ ተከማችቷል። በቀኜ ማን ሊከላከል ነው?»

ጨዋታ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ላፋኤሌ አልሳቀም። ፉአቲኖ ወደ ውጭ ጎተተችው።

«ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ በላቸው።»

«አንቺ በያቸው፤ አባትሽ ናቸው።»

«አላበድኩም!»

ገመዱን ሁሉ ነቀለ። ሰው አይነሣም፤ ዕቃው ይነሣ። ቴሌቪዥኑን ከፊተኛው ቋሚ ትይዩ አዞረ። ከስፒከሮቹ አንዱን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ፣ የቀሩትን ሁለቱን ከሽማግሌው ኋላ፣ ከቤቱ ውጭ በተደፉ ባልዲዎች ላይ አደረገ። ዉፈሩን ቋሚው ላይ አስደገፈው። ፊሽካው ሲነፋ ጣቱ ላይ የተጠቀለለውን ሽቦ ገና አልፈታም ነበር።

የጎን ቋሚ ያላቸው አለቆችም ከቦታቸው አይነሡም። ስለዚህ ጨዋታውን ከቴሌቪዥኑ ጎን ሆነው አዩት።

«እነዚህን ልጆች አያበሏቸውም እንዴ?» አለ አንዱ። «እንደ ቆርቆሮ ሳስተዋል።»

ታውሌአሎ ጀርባቸውን ለቋሚው ሰጥተው አዳመጡ። ተጫዋቾች በተጋጩ ቁጥር ቋሚው ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸውም አብረው። በሁለተኛው አጋማሽ ኢየሌሚያ ኳስ አገኘ። ጩኸቱ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሮጠ፤ የሽማግሌው ራስ ተከተለው። ራሳቸው ድንገት ቆመ።

«ጣላት» አሉ፣ ተንታኙ ሳይናገር። «በአባቱ ወጣ።»

የፉአቲኖ ባል ጉሮሮውን ጠረገ።

በዘጠኝ ነጥብ ተሸነፍን። ሰኞ ላፋኤሌ ዕቃውን ወደ ቦታው ሊመልስ መጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ዉፈሩ ላይ ጣሉ።

«ይህ ይቆይ። ለወገቤ ተስማምቶኛል።»

እዚያው ነው ያለው። ስብሰባ ሲሆን ፉአቲኖ ምንጣፍ ታለብሰዋለች። ቋሚ ሥር ተቀምጦ የዉፈሩን ማዕረግ የጠየቀ የለም። ላፋኤሌ ግን የራሱን ወገብ እያሻሸ አንዳንዴ መጥቶ ቋሚውን ይደገፋል፤ በውጭ በኩል።