ጋሽ ታዬ የቀረጹት ክሊፕ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስዊድን፣ ፍሌሚንግስቤሪ በምሠራበት ሆስፒታል፣ በምሳ ሰዓት፣ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ በስልኳ የድሮ የሲንት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኪቦርድ የተሠራ፣ ሙዚቃ ክሊፕ ታይ ነበር። ጭስ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ፀጉሩን ያቆመ ዘፋኝ። “እናንተም እንዲህ ትለብሱ ነበር?” ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ክሊፕ ነበረኝ ብላት አላመነችኝም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሙዚቃ ከጆሮ ወደ ዓይን የዞረበት ዘመን ነው። እኛ የሁዲንጌ ሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ቴሌቪዥን ፊት ተደፍተን ክሊፕ ስናይ እናመሻለን። አንድ የሲንት ዘፈን ከተማውን ይዞት ነበር፤ በፔንደልቶጉ ባቡር፣ በሱቁ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳይቀር እሱ ነው። እኔም ሲንቴን ከፍቼ የሚያስጨፍር ምት ሠራሁ፤ ጓደኛዬ ሰላም በአማርኛ ዘፈነችበት። አንድ የአካባቢ ቴሌቪዥን ደግሞ የወጣቶችን ክሊፕ እያወዳደረ ያሸነፈውን ያሳይ ነበር።

ችግሩ አባቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ሲንቱንም የገዛልኝ ለመዝሙር ነው። ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ፣ “ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ ዝም እላለሁ። ካልወጣ ግን ከዘፈን ጋር ተለያየህ” አለኝ። አባቴ ቃሉን አያጥፍም፤ እንቅልፍ አጣሁ።

ከምናውቃቸው ሰዎች ካሜራ የነበራቸው ጋሽ ታዬ ብቻ ናቸው። በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ይቀርጻሉ። አዳራሽ ለምነን አገኘንና ጭፈራውን የሚያደምቅልን ሰው ጠራን። ጋሽ ታዬ በካሜራ ይመጣሉ ሲባል ሰዉ ለሠርግ እንደሚሄድ ለብሶ መጣ። እናቶች በዚያ በረዶ ድስት ተሸክመው ከባቡር ወረዱ፤ አዳራሹ ወጥ ወጥና እርጥብ ካፖርት ሸተተ። አባቴም “ሊያይ ብቻ” መጥቶ ጥግ ተቀመጠ።

ጋሽ ታዬም ያው የለመዱትን ሠርግ ቀረጹ። ከጠረጴዛው ጫፍ ተነሥተው፣ ያለውን እንግዳ ሁሉ፣ የሚያኝከውንም የሚያጎርሰውንም፣ ተራ በተራ። ሰላም መድረክ ላይ በተቀዳው ዘፈን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብቻዋን ቀረች።

“ጋሽ ታዬ፣ ዘፋኟ እኮ እዚህ ናት” አልኳቸው።

“አይቻታለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ለብሶ መጥቶ ሳይቀረጽ ይሂድ? የነገውን ቅያሜ አንተ ትችለዋለህ?”

ቴፑን ሳየው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ሰላም የምትታየው በጣም ጥቂት ነው፤ የቀረው ፊት፣ ፊት፣ ፊት። የማስረከቢያው ቀን በማግሥቱ ነበርና እንደገና መቅረጽ አልተቻለም። ተስፋ ቆርጬ ሰጠሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ደወለችልኝ። “የሚላክልን ሁሉ ጭስና ጥቁር መነጽር ነው” አለች በስዊድንኛ። “የእናንተዎቹ ሰዎች ግን እየበሉ ይስቃሉ። እስኪያልቅ ድረስ ዓይናችንን መንቀል አልቻልንም። ቅዳሜ ይታያል።”

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን መቆሚያ አልነበረውም። እያንዳንዱ ራሱን ሲያይ ያጨበጭባል፤ አንዲት እናት ኩታቸውን እያስተካከሉ ቴሌቪዥኑን ተጠጉ። ቀጥሎ ካሜራው ወደ ጥጉ ዞረና አባቴን አሳየ፤ ፊቱ ኮስተር ብሏል። መጀመሪያ ቴፑን ሳየው በብስጭት አላስተዋልኩትም እንጂ ጋሽ ታዬ ካሜራውን ዝቅ አድርገውት ኖሯል፤ ከጠረጴዛው ሥር የአባቴ እግር የኔን ምት ይመታል። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባቴም፣ “ጫማዬን ልቀባው ይገባኝ ነበር” አለ። በዕድሜዬ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰላም ጋር ስድስት ዓመት ተጫወትን፤ ዝናችን ከሁዲንጌ ብዙም አልራቀም። እኔ የዘፋኝ መልክ ስፈልግ ጋሽ ታዬ የሰው ቅያሜ ፈርተው ሙዚቃዬን አተረፉልኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። “ጥሩ ሠርተሃል” ብሎኝ አያውቅም፤ ቴፑን ባየሁ ቁጥር ግን እግሩን አያለሁ፣ ምቱን አንድም ጊዜ አልሳተም።